ስለ ጨዋታ፤ ለሽማግሌዎችና ልጆችን ለሚያሳድጉ ሁሉ የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ ነቢዩ ዘካርያስ ኢየሩሳሌም ከጥፋትዋ ስትመለስ የምታገኘውን ሰላም ባመለከተበት ስፍራ ሁለት ዓይነት ሰዎችን በአንድ አደባባይ አሳይቶናል። አንደኛዎቹ ከዕድሜያቸው ብዛት የተነሣ ምርኵዝ የያዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው፤ ሁለተኛዎቹም የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ናቸው። በዚያ ስፍራ ስለ ቅጥርዋ ቁመት ወይም ስለ ጭፍራዋ ብዛት አልተናገረም፤ ሽማግሌው ተቀምጦ ሕፃኑ በፊቱ ሲጫወት አሳየን እንጂ። እንግዲህ ጨዋታ በራሱ ርኩስ ነገር እንዳይደለ፥ ሽማግሌ ባለበት መጫወትም ለልጅ መልካም እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ ያ አደባባይ ጠብቦ ወደ ቤት ገብቷል። አያት በአንዱ ወንበር፥ የልጅ ልጅ በሌላው ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በእጃቸው ያለችውን ትንሽ መስኮት ይመለከታሉ፤ ሁለቱም ይጫወታሉ፥ ነገር ግን አብረው አይጫወቱም። ሰው ሁሉ «ጌም» ስለሚለው፥ በቴሌቪዥንና በኮምፒዩተር በስልክም ስለሚደረገው ጨዋታ ልጽፍልህ የወደድሁት ስለዚህ ነው። በዚህ ነገር ምክር የሚሰጡ ብዙዎች ወጣቶችን ብቻ ይገሥጻሉ። እኔ ግን ከሽማግሌዎች እጀምራለሁ፤ የልጁን ጨዋታ የሚጠብቀው ወይም የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ በቤት ያለው ትልቅ ሰው ነውና።

ምናልባት «ሽማግሌ ሰው ጌም ይጫወታልን?» ብለህ ትስቅ ይሆናል። አትሳቅ። በአሜሪካ ኤ.ኤ.አር.ፒ. የሚባለው የአረጋውያን ማኅበር 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች ጠይቆ፥ በ2016 ከመቶው 38ቱ፥ በ2019 ደግሞ ከመቶው 44ቱ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንደሚጫወቱ አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በጃፓን አገር በ1930 የተወለዱት ሐማኮ ሞሪ የተባሉ ሴት በ50 ዓመት ገደማ መጫወት ጀምረው፥ በ2020፥ በ90 ዓመታቸው፥ ጨዋታቸውን በዩቲዩብ ከሚያሳዩት ሰዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ተብለው በጊነስ መዝገብ ተጽፈዋል። ኔንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያም በ2006 ዊ የሚባለውን መሣሪያ ባወጣ ጊዜ፥ እጅን እያወዛወዙ ኳስ የሚያንከባልሉበት ጨዋታ ስለ ነበረው መሣሪያው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ገብቶ ቀኑን በወንበር የሚውሉትን ሰዎች ክንዳቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አድርጓቸዋል።

በአገራችንም ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ገበጣ ሲጫወቱ፥ ወይም ቆርኪ ደርድረው ዳማ ሲገጥሙ ማንም ነውር ነው ብሎ አይነቅፋቸውም። ጠጠሩ በመስኮት ውስጥ ስለ ተሣለ ያው ጨዋታ ኃጢአት ሊሆን አይችልም። ደግሞም ግማሹን ቀን በዳማ ያሳለፈ ሰው በስልክ የሚጫወተውን ባልንጀራውን ለመውቀስ ባይቸኵል ይሻለዋል።

ነገር ግን ስለ አእምሮ ጥቅም የሚነገረውን ወሬ ሁሉ እንዳለ አትቀበል። በ2013 አዳም ጋዛሊ የተባሉ ሊቅና የሥራ ባልንጀሮቻቸው በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ ኒውሮሬሰር የተባለ መኪና የመንዳት ጨዋታ ሠርተው ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ 12 ሰዓት አጫወቷቸው። ሰዎቹ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የመሥራት ችሎታቸው ጨመረ፤ የተጨመረውም ከስድስት ወር በኋላ አልጠፋም። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ያ ጨዋታ ለዚያ ሥራ ተለይቶ የተሠራ፥ በመጠንም የተሰጠ ነበር፤ መድኃኒትን በማንኪያ ለክቶ መውሰድ ሌላ ነው፥ ጠርሙሱን መጨለጥ ሌላ ነው። በ2016 ሉሞሲቲ የሚባለውን የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታ የሚሸጠው ኩባንያ፥ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው በዕድሜ የሚመጣውን የአእምሮ መድከም ይከላከላል ብሎ በማስተዋወቁ በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ተከሶ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እንግዲህ አረጋዊ ሰው ደስ ስለሚለው ቢጫወት መልካም ነው፤ «ለጤናዬ ነው» እያለ ሌሊቱን ሲያነጋበት ግን ራሱን ያታልላል።

ልክን ማለፍ በምን ይታወቃል ብትለኝ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል። ሰውዬው ልጀምር ወይም ላቁም ብሎ በራሱ ላይ ማዘዝ ሲያቅተው፥ ጨዋታው ከሌላው የኑሮው ጉዳይ ሁሉ ሲቀድምበት፥ ጉዳት እያየበትም ሲቀጥል፥ ይህም ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት ሲቈይ ነው። በእነዚህ ምልክቶች የልጅና የሽማግሌ ልዩነት የለም። እንግዳ ከደጅ ገብቶ ሰላም ሲል ከመስኮቱ ዓይኑን የማያነሣ አባት፥ ልጁን «ስልኩን ጣል» ብሎ ሊያዝዝ የሚችልበት አፍ ከወዴት ያገኛል?

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። በአሜሪካ በ1993 መጨረሻ ጆሴፍ ሊበርማንና ኸርብ ኮል የተባሉ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች፥ ሞርታል ኮምባትና ናይት ትራፕ የተባሉትን የመሰሉ ጨዋታዎች ደም ማፍሰስን ለልጆች ያሳያሉ ብለው ጉዳዩን በምክር ቤቱ ፊት አስመረመሩ። ሠሪዎቹም መንግሥት ሕግ ሳያወጣባቸው አስቀድመው በ1994 ኢ.ኤስ.አር.ቢ. የተባለውን የዕድሜ መዳቢ ጉባኤ ራሳቸው አቆሙ። ይህ ጉባኤ በጨዋታው ማሸጊያ ላይ ፊደል ያኖራል፤ «ኢ» የሚለው ፊደል ለሁሉ የሚሆን ነው፥ «ቲ» የሚለው ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው፥ «ኤም» የሚለውም ከ17 ዓመት ጀምሮ ነው። በአውሮፓ ደግሞ በ2003 ፔጊ የሚባለው ሥርዐት ተጀምሮ በፊደል ፈንታ 3፥ 7፥ 12፥ 16፥ 18 የሚሉትን ቍጥሮች ያኖራል። በቍጥሩም አጠገብ ምክንያቱን የሚናገሩ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ፤ ቡጢ የጠብና የግፍ ምልክት ነው፥ ሸረሪት የማስፈራራት፥ የቁማር ዳይስም የቁማር ምልክት ነው። የውጭ አገር ቋንቋ የማያውቁ አያት እንኳ ይህን ቍጥርና ይህን ሥዕል ሊያነቡ ይችላሉ።

ነገር ግን በዚህ ላይ ብዙ ደጋግ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም በቀስታ እነግርሃለሁ። ቍጥሩን እንደ ትምህርት ቤት ክፍል ይቈጥሩታል። «የልጅ ልጄ ጎበዝ ነው፤ ገና በ9 ዓመቱ የ18ቱን ይጫወታል» እያሉ እንደ ምስጋና የሚናገሩ አያቶች አሉ። ቍጥሩ ግን ስለ ጨዋታው ክብደትና ቅለት ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ልጁ በውስጡ ስለሚያየውና ስለሚሰማው ነገር ነው። ሰንጠረዥ እስከ እርጅና ድረስ የሚያደክም ጥበብ ሆኖ ሳለ ለሕፃን ዓይን የሚከለከል ነገር የለበትም። በአንጻሩ ሰውን ተኵሶ መግደልን የሚያሳይ ጨዋታ ለጣት እጅግ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የ9 ዓመቱ ልጅ ቢያሸንፍበትም ጣቱ ፈጣን መሆኑን እንጂ ልቡ ያንን ለመሸከም መድረሱን አላሳየም።

ሌላም ነገር ልብ አድርግ። 18 የሚለው ምልክት ከ18 በታች ላለው አይሆንም ይላል፤ ከ18 በላይ ላለው መልካም ነው ግን አይልም። ከላይ ያነሣናቸው ሐማኮ ሞሪ ግራንድ ቴፍት አውቶ የተባለውን፥ ወንበዴነትና መግደል የሞላበትን ጨዋታ እንደሚወዱ ተናግረዋል፤ በ90 ዓመት ሰው ላይ የሚፈርድ የዕድሜ ምልክት የለም። እኔም በእርሳቸው አልፈርድም። ሆኖም ክርስቲያን የሆነ ሽማግሌ ምልክቱ «ተፈቅዶልሃል» ሲለው ነገሩ በዚያ አያልቅበትም፤ ከተጫወተ በኋላ በልቡ ምን እንደ ቀረ ራሱን ይጠይቃል። ቢጫወተውም ሕፃኑ ከተኛ በኋላ ይሁን፥ የመሣሪያውንም በር ዘግቶ ይሂድ።

«የዕድሜ ምልክት ካለ ሕግ ይጠብቀን የለምን?» ትል ይሆናል። በአውሮፓ አንዳንድ አገሮች ሕግ አለ፤ በአሜሪካ ግን የካሊፎርኒያ ግዛት ግፍ ያለበት ጨዋታ ለልጅ እንዳይሸጥ ያወጣችውን ሕግ በ2011 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመናገርን ነጻነት ይነካል ብሎ ሽሮታል። ምልክቱን በዚያ አገር የሚያስከብረው የነጋዴው ፈቃድና የቤቱ ባለቤት ናቸው።

ሕጉ ጽኑ በሆነበት አገር የሆነውን ደግሞ ስማ። በቻይና በ2021 መንግሥት 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱት ዓርብ፥ ቅዳሜ፥ እሑድና በበዓል ቀን ብቻ፥ ያውም ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ለአንድ ሰዓት እንዲሆን አዘዘ። ከዚህ የጸና አጥር ከወዴት ይገኛል? ነገር ግን በዚያው ዓመት ቴንሰንት የተባለው ታላቅ የጨዋታ ኩባንያ በሌሊት የሚጫወተውን ሰው ፊት በካሜራ መመርመር ጀምሮ ነበር፤ ልጆች በትልልቅ ሰዎች ስም እየገቡ ያታልሉ ነበርና። መዝገቡ የአያት ስም፥ የአያት ዕድሜ፥ የአያት መታወቂያ ነው፤ ጣቱ ግን የሕፃን ጣት ነው።

ወዳጄ ሆይ፤ ይህ ነገር በቻይና ብቻ የሚደረግ አይምሰልህ። በየቤቱ ይደረጋል። ሕፃኑ አዲስ ጨዋታ ሊከፍት ሲል መሣሪያው የትውልድ ዓመቱን ይጠይቀዋል። እርሱም እውነተኛውን ዓመት ቢጽፍ በሩ እንደሚዘጋበት ያውቃልና ወደ አያቱ ዞሮ «አባባ፥ የእርስዎን ዓመት ልጻፍ?» ይላል። አያትየውም በልጁ ብልሃት ስቀው «ጻፍ» ይላሉ። በዚህች ቅጽበት ምን እንደ ሆነ መርምር። ልጁ በስሙ ከፈረመባቸው ጽሑፎች መጀመሪያው ሐሰት ሆነ፤ ምስክሩም በቤቱ ከሁሉ የሚከበሩት ሰው ሆኑ። ነገ እኚሁ አያት «ልጄ፥ አትዋሽ» ቢሉት ሕፃኑ ምን ብሎ በልቡ ይመልሳል? 70 ዓመት ተኖሮ የተገኘ ዕድሜ፥ በጾምና በጸሎት፥ በኀዘንና በደስታ የተቈጠረ ዕድሜ፥ ለሕፃን እንደ ኩታ የሚዋስ ነገር አይደለም።

በተዋሰው ዕድሜ የሚገባው ልጅ ደግሞ ብቻውን አይገባም። ብዙዎቹ ጨዋታዎች የሩቅ ሰው ድምፅ በጆሮ የሚሰማባቸው ናቸው። ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ በ2022 መጨረሻ በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ክስ በጠቅላላው 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። 275 ሚሊዮኑ የልጆችን ምስጢር የሚጠብቀውን ሕግ በመተላለፍ የተቀጣው ነው፤ ከክሱም አንዱ ክፍል ልጆች ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅና በጽሑፍ የሚነጋገሩበት መንገድ ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ መሰጠቱ ነበር። የቀረው 245 ሚሊዮን ሰዎች ሳይፈልጉ ስለ ከፈሉት ገንዘብ ነው። ዕጣ እንደሚጣልበት ሣጥን ያለውንም ጨዋታ አስተውል፤ ልጁ በውስጡ ያለውን ሳያውቅ ገንዘብ ከፍሎ ይከፍተዋል፥ የሚመኘው ካልወጣለት ሌላ ይገዛል። ቤልጅግ በ2018 ይህን ነገር ቁማር ነው ብላ ከልክላዋለች። በባንክ ካርዱ ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደ ሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ካህኑ ዔሊ የልጆቹን ክፉ ሥራ ሰምቶ በቃል ገሥጿቸው ነበር፤ የተወቀሰው ግን ስላልከለከላቸው ነው። ከሚቀጥለው ክፍል ሆኖ «ኧረ ይበቃል» እያለ የሚጮኽ፥ ነገር ግን ከወንበሩ ተነሥቶ የማያይ ሰው የዔሊ ወንድም ነው።

በከተሞቻችን ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ነገሩ በሌላ መንገድ ይመጣል። በዚያ ማሸጊያውን የሚያይ የለም፤ ልጁ ለአንድ ጨዋታ ጥቂት ብር ከፍሎ ይቀመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጫወተው እግር ኳስ ነው፥ እርሱም ለሁሉ የሚሆን ነው፤ ነገር ግን በአጠገቡ ባለው ቴሌቪዥን ሌላው ሲተኵስ ያያል። ስለዚህ አንድ ቀን አብረኸው ግባና ተመልከት። ባለቤቱም የልጁ አባት ወይም አያት የሚመጣ ሰው መሆኑን ማወቁ ብቻ ብዙ ነገር ያስቀራል።

የልጅ ልጃቸውን ሊያሳድጉ ወደ አሜሪካ የሄዱ እናቶችና አባቶች ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይቸገራሉ። ወላጆቹ ለሥራ ሲወጡ ቤቱ ለእርሳቸው ይቀራል፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ከማን ጋር እንደሚነጋገር አያውቁም፥ በዚያ አገር ያለውም ምልክት ቍጥር ሳይሆን ፊደል ነው። አንተ ተማሪ ሆይ፤ ይህ የአንተ ሥራ ነው። አያትህን በስልክ ስታገኛቸው «እንደምን አሉ» ብለህ ብቻ አትዝጋ፤ በማሸጊያው ወይም በመደብሩ ገጽ የሚያዩትን ፊደል መልኩን ይንገሩህ፥ አንተም ትርጕሙን ንገራቸው። አያቱ ምልክቱን ማንበብ መቻላቸውን ልጁ ባወቀ ጊዜ እርሱም ይጠነቀቃል፤ ሳይታወቅበት የኰራበት ነገር ነበርና።

በጣም ትንሽ የሆኑትንም ሕፃናት አልረሳኋቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ምክር ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት በመስኮት ፊት እንዳይቀመጡ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ቢያንስም እንደሚሻል ተናግሯል። የሚያለቅሰውን ሕፃን በስልክ ዝም ማሰኘት ቀላል እንደ ሆነ እናቶች ሁሉ ያውቁታል፤ አያቶችም ጕልበታቸው የደከመ ነውና አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ተረት የሚናገር አፍ ገና ሳለ ስልኩ የመጨረሻው መድኃኒት ይሁን።

እንግዲህ ሽማግሌው ምን ያድርግ? አይሽሽ፥ ስልኩንም ነጥቆ አይሠውር፤ ከልጁ አጠገብ ይቀመጥና አብሮት ይጫወት። በ1984 አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የተባለው ሩስያዊ በሞስኮ የሠራው ቴትሪስ የሚባል ጨዋታ አለ፤ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እንደ ግንበኛ እያገጣጠሙ መደርደር ነው። ደም የለበትም፥ ክፉ ቃል የለበትም፥ ቋንቋም አይፈልግም። መጀመሪያ ልጁ ያሸንፋል፤ አያቱ መሸነፋቸው አይጐዳም፥ ልጁን ያስደስተዋልና አፉንም ይከፍትለታል። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ጨዋታው ምን እንደ ሆነ፥ የሚናገረው ድምፅ የማን እንደ ሆነ፥ ልጁ ሲሸነፍ የሚወጣው ቍጣ ምን ያህል እንደ ሆነ ያለ ምርመራ ያውቃል። ጨዋታው ሲያልቅም «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትህ? ምን አለህ?» ብሎ ቢጠይቅ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ባልንጀራ ይመለስለታል።

ከዚያ አስቀድሞ ግን መሣሪያውን ማስተካከል ይገባል፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ለልጁ በእውነተኛው የትውልድ ዓመት የራሱ መዝገብ ይከፈትለት፤ የአያቱ መዝገብ ለአያቱ ብቻ ይቅር። ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገሪያው ይዘጋ። ግዢ ያለ ምስጢር ቍጥር እንዳይፈጸም ይደረግ፤ ቍጥሩንም ልጁ በሚያይበት ቦታ አትምታ። የልጁን የትውልድ ዓመት ደግሞ ምስጢር ቍጥር አታድርገው፤ አስቀድሞ የሚሞክረው እርሱን ነውና።